ለእናቶች ማክስ በቀመር ይገመት ወይስ በቀጥታ ይለካ?

ማክስ፣ ሙሉ ስሙ ዋን ሬፕ ማክስ፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት የሚችለው ክብደት ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ ጂም የምትሠራ ወጣት አሰልጣኝ ናት። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ጥቂት እናቶችን ይዛለች። አንደኛዋ 66 ዓመታቸው ነው፣ ክብደት መሥራት ከጀመሩ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው። ከደረት ወደ ፊት በእጅ በሚገፋው ቼስት ፕሬስ ማሽን ላይ 15 ኪሎ 14 ጊዜ ገፍተዋል፣ በእግር በሚገፋው ሌግ ፕሬስ ላይ ደግሞ 40 ኪሎ 12 ጊዜ። አሰልጣኟ ይሄንን ስልኳ ላይ ባለ፣ ከክብደትና ከድግግሞሽ ማክስ በሚገምት አፕ ስታስገባው ለቼስት ፕሬሱ አንዱ ቀመር 19 ኪሎ ተኩል አላት፣ ሌላው 23 ኪሎ ተኩል። «የቱን ልመን? ወይስ ዋን ሬፕ ማክሳቸውን በቀጥታ ልለካው? ባልደረባዬ ለእናቶች ማክስ መለካት አደጋ ነው ይላል።»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። እናቶች ጂም ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኪሎ ዳምቤል ይሰጣቸውና እሱኑ ሲያወዛውዙ ይከርማሉ። አቅማቸው የት ድረስ እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ የለም። አንቺ ስለጠየቅሽ እኔም ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱንም አትያዢ። ችግሩ ያለው ቀመሮቹ ላይ ብቻ አይደለም፣ አንቺ ባስገባሽው ቁጥር ላይም ነው። 14 ጊዜ ከተነሳ ክብደት ማክስ መገመት አይቻልም ማለት ይቀላል። ሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ገና ነው። ሌላ ጥቂት ሳምንት ይሥሩ፣ ከዚያ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ብቻ ሊገፉት የሚችሉትን ክብደት ፈልጊና ከእሱ ላይ ገምቺ። ለአብዛኞቹ እናቶች ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግሽም። ቀጥታ ማክስ መለካት ክልክል ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ምክንያቱን እንየው። ዋን ሬፕ ማክስ አንድ ሰው እንቅስቃሴውን ሳያበላሽ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሳው፣ ሁለተኛ ልድገም ቢል የማይሆንለት ክብደት ነው። የሚፈለገውም ለጉራ ሳይሆን የሥልጠናውን ክብደት በመቶኛ ለመመደብ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው ብሔራዊ የጥንካሬና የአካል ብቃት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ለአረጋውያን ባወጣው መግለጫ፣ ከማክሳቸው ከ70 እስከ 85 በመቶ በሆነ ክብደት፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። ወደዚያ የሚደረሰው ቀስ በቀስ ነው፣ ጀማሪ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ግን ማክሱን ካላወቅሽ 70 በመቶው ስንት እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ቀመሮቹ የመጡት ለዚህ ነው።

ቀመሮቹን ማን ሠራቸው የሚለውን ማወቅ ይጠቅማል። በብዛት የምታገኚያቸው ሁለቱ የኤፕሊና የብሪዚኪ ናቸው። ቦይድ ኤፕሊ በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን በክብደት የሚያሠለጥን ሰው ነበር፣ ቀመሩም እ.ኤ.አ. የ1985 ነው። ማት ብሪዚኪ ደግሞ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር፣ የእሱ በ1993 ወጣ። ሌሎቹም፣ ሎምባርዲ በይው ኦኮነር፣ ከዚያው ዘመንና ከዚያው ዓይነት ጂም የወጡ ናቸው። ባብዛኛው ወጣቶች፣ ባብዛኛው ወንዶች፣ ባብዛኛው ቤንች ፕሬስ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት። የ66 ዓመት እናት በሐሳባቸው አልነበረችም። ይሄ ቀመሮቹን ከንቱ አያደርጋቸውም፣ ግን የሚሰጡሽን ቁጥር እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አትይው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፣ ያኔ ነገሩ ይገለጥልሻል። የኤፕሊ ቀመር ቀላል ነው። ክብደቱን በድግግሞሹ ታባዢውና ለ30 ታካፍይዋለሽ፣ የወጣውን መልሰሽ ክብደቱ ላይ ትደምሪዋለሽ። 15 ኪሎ በ14 ሲባዛ 210፣ ለ30 ሲካፈል 7፣ ስለዚህ 22 ኪሎ። በብሪዚኪ ክብደቱን በ36 ታባዢና፣ ከ37 ላይ ድግግሞሹን ስትቀንሺ በሚቀረው ታካፍያለሽ። ያ 23 ኪሎ ተኩል ይሰጥሻል። ኦኮነር 20 ከሩብ ይላል፣ ሎምባርዲ 19 ተኩል። በአራት ቀመር አራት መልስ፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው 4 ኪሎ ልዩነት። ለ20 ኪሎ አካባቢ ጉልበት 4 ኪሎ ማለት አንድ አምስተኛ ነው። ቀላል አይደለም።

እኚሁ እናት 18 ኪሎ 5 ጊዜ ቢገፉስ? ኤፕሊ 21፣ ብሪዚኪ 20 ከሩብ፣ ኦኮነር 20 ከሩብ፣ ሎምባርዲ 21 ገደማ። ልዩነቱ ከአንድ ኪሎ በታች ወረደ። የትኛውን ልመን የሚለው ጥያቄሽ ራሱ ጠፋ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ሰፈር ደርሰዋል።

ኤፕሊና ብሪዚኪ 10 ድግግሞሽ ላይ እኩል ናቸው፣ ሁለቱም ክብደቱን በ1.33 እንደማባዛት ነው። ከ10 በታች ኤፕሊ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከ10 በላይ ብሪዚኪ ይበልጠዋል፣ ከዚያ በኋላማ መንገዳቸው ለየቅል ነው። 15 ኪሎውን 20 ጊዜ ገፉ እንበል። ኤፕሊ 25 ይላል፣ ብሪዚኪ ወደ 32። ድግግሞሽ ሲበዛ የምትለኪው ጥንካሬን መሆኑ ይቀርና ጽናትን ይሆናል፣ ጽናት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዷ እናት ዕድሜ ልካቸውን ሸክም የለመዱ ናቸው፣ ቀላል ክብደት ይዘው 20 ቢሉ አይደንቃቸውም፣ ከበድ ሲል ግን ያን ያህል አይሄዱም። ሌላዋ ተቃራኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 69 በሆኑ ወንዶችና ሴቶች ላይ በቼስት ፕሬስና በሌግ ፕሬስ የተሠራ ጥናት 5፣ 10 እና 20 ድግግሞሽን አወዳድሮ ነበር። ማክስን ይበልጥ አስተካክሎ የገመተው 5 ድግግሞሽ ሆኖ ተገኘ፣ ከ10 በላይ እንዳይኬድም መከረ። እኔም የማስተምረው ይሄንኑ ነው።

ወደ ሌግ ፕሬስሽ ልምጣ። 40 ኪሎ ያልሽው ፕሌቱን፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚጫነውን ክብ ብረት፣ ብቻ ቆጥረሽ ይመስለኛል። 45 ዲግሪ ያጋደለው ሌግ ፕሬስ ከሆነ፣ የሚንሸራተተው ወንበር ወይም የእግር ሰሌዳው ራሱ ክብደት አለው፣ እናትየው ደግሞ የሚገፉት ሁሉንም ነው። ሰሌዳው 30 ኪሎ ነው እንበል። 40 ብለሽ ካሰብሽ ኤፕሊ 56 ኪሎ ፕሌት ይልሻል። 70 ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ 98 ይሰጥሻል፣ ሰሌዳውን ስትቀንሺ 68 ኪሎ ፕሌት። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ 12 ኪሎ ልዩነት። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን ባዶ ክብደት ፈልጊ። ፒን የሚሰካባቸው ማሽኖች ላይም ተጠንቀቂ። አንዳንዱ በፓውንድ ነው የተጻፈው፣ አንዳንዱ 1፣ 2፣ 3 ብቻ ይላል፣ ገመዱ በስንት ፑሊ እንደሚዞርም ከማሽን ማሽን ይለያያል። እዚህ ጂም የተለካ ማክስ ሌላ ጂም ይዘሽው ብትሄጂ አይሠራም። መዝገብሽ ላይ የማሽኑን ስም፣ የወንበሩን ቀዳዳ ቁጥርና የእግራቸውን አቀማመጥ ጻፊ።

ሌላም ነገር አለ፣ ሌግ ፕሬስ ከሌላው እንቅስቃሴ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ክብደት ያልለመዱ ወንዶች ላይ በተሠራ ጥናት ከማክሳቸው 80 በመቶውን ሌግ ፕሬስ ላይ 15 ጊዜ ያህል ሲገፉት፣ የጭን ኋላ ጡንቻ በሚሠራበት ሌግ ከርል ላይ ግን ያንኑ 80 በመቶ 6 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር የቻሉት። አንድ ቀመር ለሁለቱም ይሠራል ብለሽ እስኪ አስቢው። 15ቱን ኤፕሊ ላይ ብታስገቢ እውነተኛውን ማክስ በ20 በመቶ ያበልጠዋል። ከ12 ድግግሞሽ የተገመተ የሌግ ፕሬስ ማክስ አምነሽ ክብደት አትመድቢ የምለው ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አረጋውያን ላይ ቀመሮቹ ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርገው ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት 70 ዓመት አካባቢ የሆኑ ወንዶችና ሴቶችን በ11 ማሽኖች ላይ ለክቶ፣ በቀጥታ የተገኘው ማክስ ባብዛኛው ከቀመሩ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ለምን? የእኔ እምነት ይሄ ነው፣ ጂም ውስጥም በየቀኑ ታይዋለሽ። እናቶች የሚያቆሙት ጡንቻቸው ሲያልቅ አይደለም፣ ይበቃል ብለው ሲያስቡ ነው።

አንድ ቀን አስተውለሽ እዪአቸው። ስምንተኛው ላይ «በቃኝ ልጄ» ይላሉ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ ፍጥነታቸው ከመጀመሪያው ያው ነው፣ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። «ማዘር፣ ሁለት ብቻ ይጨምሩልኝ» ስትያቸው ሦስት ይጨምራሉ። እውነተኛው መጨረሻ ሌላ መልክ አለው። ክብደቱ መሃል መንገድ ላይ ይዘገያል፣ ክርናቸው ልዘርጋ አልዘርጋ ይላል፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው መውጣት ይጀምራል። ስምንቱን እንደ መጨረሻ ከጻፍሽው ቀመሩ ምን ያድርግ? ያስገባሽለት ውሸት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ድግግሞሽ ስትቆጥሪ ፍጥነቱን ተመልከቺ፣ ሲያቆሙ ደግሞ «ስንት ይቀርዎት ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። 18 ኪሎውን 5 ገፍተው «አንድ ይቀረኝ ነበር» ካሉና ፍጥነታቸውም እንደዚያ ካሳየሽ፣ 6 ብለሽ አስቢው። እኔ ለእናቶች የምመርጠው እንዲህ አንድ እያስቀሩ ማቆምን ነው፣ እስኪወድቁ መግፋት አያስፈልግም። ግን «አንድ ይቀረኛል» ማለትን መልመድ ጊዜ ይወስዳል፣ አዲስ ሰው አራት ቀርቶት አንድ ይላል።

ወደ ሦስተኛው ሳምንት ጉዳይ አመጣኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ ከሁሉም በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው ይሄንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ወጣት ሴቶችንና 60ዎቹ ውስጥ ያሉ ሴቶችን ተቀምጦ ጉልበት በሚዘረጋበት ሌግ ኤክስቴንሽን ላይ ማክሳቸውን እየደጋገመ ለካ። የወጣቶቹ ቁጥር በ3 ወይም 4 ልኬት ረጋ። የትልልቆቹ ሴቶች ለመርጋት 8 ወይም 9 ልኬት ፈለገ። ጡንቻቸው በዚያ መሃል አድጎ አይደለም። ሰውነታቸው እንቅስቃሴውን እየተማረ፣ ፍርሃቱ እየለቀቃቸው፣ ያላቸውን ጉልበት ማውጣት እየቻሉ ነው። እናም እኚህን እናት ዛሬ ለክተሽ ከስምንት ሳምንት በኋላ ብትለኪያቸውና 40 በመቶ ጨምረው ብታገኚ፣ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ እውነተኛ ጥንካሬ፣ ምን ያህሉ መለማመድ እንደሆነ መለየት አትችይም። ለልጆቻቸው «እናታችሁ በሁለት ወር እንዲህ ሆኑ» ብለሽ ከማሳየትሽ በፊት መነሻ ቁጥርሽ የረጋ መሆኑን እዪ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጡ ከሆነ አራት፣ አምስት ሳምንት ስጪያቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ክብደቱን በማክስ መቶኛ ሳይሆን በስሜታቸው ምሪው፤ 10 ጊዜ ገፍተው ሦስት አራት የሚቀራቸው ክብደት ይበቃል። ከዚያ በሁለት የተለያዩ ቀኖች ለኪ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ያዢው፣ ሁለተኛው በግልጽ ከበለጠ ገና እየተማሩ ነው፣ ሌላ ሳምንት ጠብቂ።

የልኬቱ ቀን እንዴት ይሁን? አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይራመዱ ወይም ብስክሌት ይንዱ። ቼስት ፕሬሱ ላይ መጀመሪያ ቀለል ያለ፣ 9 ወይም 10 ኪሎ፣ 8 ጊዜ ይግፉ። ሁለት ደቂቃ ይረፉ። ከዚያ 14 ኪሎ አካባቢ 3 ጊዜ። ሦስት ደቂቃ ይረፉ፣ ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ፣ አታዋክቢያቸው። አሁን የገመትሽውን 18 ኪሎ ስጪያቸው። ከ4 እስከ 6 ላይ ካለቀ ጨርሰሻል። 8 ደርሰው ገና ቀላል ከሆነላቸው እዚያው ላይ አስቁሚያቸው፣ ሦስት አራት ደቂቃ ካረፉ በኋላ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሪ። በአንድ እንቅስቃሴ ከሦስት ሙከራ አትለፊ፣ አራተኛው የሚለካው ድካምን ነው። የማሽኑ እርምጃ 5 ኪሎ ከሆነ ከ15 ወደ 20 መዝለል በአንዴ አንድ ሦስተኛ መጨመር ነው፤ ትንንሾቹን የ1.25 ወይም የ2.5 ኪሎ ፕሌቶች ሳይወድቁ የሚቀመጡበት ቦታ ካለው እነሱን ተጠቀሚ። ከሌለው 20ውን 3 ጊዜ ከገፉት ከሦስቱ ገምቺ፣ 15ቱን ከ14 ጊዜ ከመገመት እጅግ ይሻላል።

ትንፋሽ። ሲገፉ ያውጡ፣ ሲመልሱ ያስገቡ። ትንፋሽ አፍኖ መግፋት የደም ግፊትን ለቅጽበት ሽቅብ ይሰቅለዋል። እዚህ ላይ ብዙ አሰልጣኝ የሚስተው አለ። «አንድ ጊዜ ከባድ ማንሳት አደገኛ ነው፣ ቀለል ያለ ብዙ ጊዜ ይሻላል» ይባላል። ነገር ግን እስኪያቅት ድረስ የሚደጋገም ክብደት ላይ ግፊቱ ከድግግሞሽ ድግግሞሽ እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ መጨረሻዎቹ ላይ ይከራል። 14 ጊዜ እስከ መጨረሻ መግፋት ለልብ የዋህ አይደለም። ከ4 እስከ 6 ሆኖ አንድ እያስቀሩ ማቆም ለዚህም ነው የሚመረጠው።

የባልደረባሽ ፍርሃት ከየት መጣ ብትይ፣ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ጥናት ከ70 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 57 ሰዎችን ማክስ ሲለካ 11 ሰው ተጎድቶበታል። ይሄ ብዙ ነው። በ1995 ሌላ ጥናት 83 አረጋውያንን ለክቶ የተጎዱት 2 ብቻ ነበሩ። ሁለቱን ሳነብ የምረዳው ልኬቱ በራሱ ገዳይም ንጹሕም አለመሆኑን ነው። ማን እንደሚለካ፣ ምን ያህል እንደተለማመደ፣ ምን ማሽን ላይ እንደሆነ፣ ማን እንደሚቆጣጠር ይወስነዋል። ሁለትና ሦስት ወር በደንብ የሠሩ፣ ጤነኛ የሆኑ፣ ራሳቸው ማወቅ የሚፈልጉ እናት ካሉሽ፣ ማሽን ላይ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በቀጥታ ብትለኪያቸው አልቃወምም። ሦስተኛ ሳምንት ላይ ግን አይሆንም።

ማንን በጭራሽ እንደማትለኪ ደግሞ ልንገርሽ። በዕለቱ ግፊታቸው 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑትን ልኬቱ ይቅርና ሥልጠናውንም አታስጀምሪያቸው፣ ወደ ሐኪም ላኪያቸው። ደረታቸውን የሚያማቸው፣ ያልተረጋጋ የልብ ችግር ያለባቸው፣ በቅርቡ የዓይን ቀዶ ጥገና ያደረጉ፣ በስኳር ምክንያት የዓይናቸው መጋረጃ የተጎዳ፣ እነዚህም ሐኪም ሳይፈቅድ አይለኩም። የአጥንት መሳሳት ያለባቸውና የጀርባ አጥንታቸው ተሰብሮ የሚያውቅ ከሆነ፣ ክብደት ይዘው ወደ ፊት የሚታጠፉበትን ነገር ሁሉ ተዪ። የደም ብዛት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጠዋት መውሰዳቸውን ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ እነሱ አይነግሩሽም፣ አንቺ ነሽ ሴት ለሴት ለብቻቸው የምትጠይቂያቸው። ብዙ የወለዱ እናቶች ሲገፉ ሽንት ያመልጣቸዋል፣ የማህፀን መውጣት ያለባቸውም አሉ። ያፍሩና ዝም ይላሉ፣ ወይም ሌግ ፕሬስ ላይ ሆን ብለው ሳይገፉ ያቆማሉ፣ አንቺ ደግሞ «እግራቸው ደካማ ነው» ብለሽ ትጽፊያለሽ። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ማክሱ ይቆይ፣ ክብደቱን ቀንሺ፣ ትንፋሹን አስተካክዪ፣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ላኪያቸው። ሕክምና ያለው ነገር ነው።

ይሄን ሁሉ ጥንቃቄ ስዘረዝር ፈርተሽ ወደ ሁለት ኪሎው ዳምቤል እንዳትመለሺ። እናቶች ላይ የማየው ትልቁ ጉዳት ከልኬት የሚመጣ አይደለም፣ ለዓመታት ከአቅም በታች ከመሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ 10 አረጋውያን ማክሳቸው ተለክቶ፣ በ80 በመቶው ለ8 ሳምንት የጭን ጡንቻቸውን እንዲሠሩ ተደረገ። ጥንካሬያቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። መለማመዱን ቀንሺለት፣ የሚቀረውም ትልቅ ነው። በ1994 ደግሞ ከ50 እስከ 70 ዓመት የሆኑ፣ የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለአንድ ዓመት በ80 በመቶ ሠርተው ጡንቻቸውም አጥንታቸውም ተጠቀመ። በ2018 አውስትራሊያ ውስጥ የታተመው ጥናት ከዚህም አለፈ፤ አጥንታቸው የሳሳ 101 ሴቶች ተሳትፈውበት፣ ሥልጠናው የደረሳቸው ለ8 ወር በሳምንት ሁለቴ ከማክሳቸው ከ85 በመቶ በላይ፣ 5 ዙር በ5 ድግግሞሽ፣ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር አነሱ። አጥንታቸው ተሻሻለ። ያለ ግምት እዚያ መድረስ አይቻልም፣ ግምቱ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ እኚህ እናት በአምስተኛው፣ ስድስተኛው ሳምንት 18 ኪሎ 5 ጊዜ ገፉ እንበል። ማክሳቸውን 20 ኪሎ ተኩል ብለሽ ያዢው። 70 በመቶው 14 ኪሎ ገደማ፣ 80 በመቶው 16 ኪሎ ተኩል። ከ14 ጀምሪ፣ 10 ድግግሞሽ ይሥሩ፣ ሲቀላቸው ጨምሪ። ቀመሩ የሰጠሽ ቁጥር መነሻ ብቻ ነው። 80 በመቶ ነው ያልሽውን ክብደት 14 ጊዜ ከገፉት ቀመሩ ተሳስቷል፣ እሳቸውን እመኚ። ከቀመሮቹ አንዱን ምረጪና እሱኑ ሁሌ ተጠቀሚ፤ ዛሬ በኤፕሊ ነገ በብሪዚኪ እያልሽ ካነጻጸርሽ ያልመጣ ለውጥ ታያለሽ።

ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ወንበር ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስተው እንደሚቀመጡ ቁጠሪ። ከ65 እስከ 69 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ከ11 እስከ 16 የተለመደ ነው፣ ከ11 በታች ደካማ ይባላል። እዚህ ላይ ዕድሜያቸውን በትክክል የማያውቁ እናቶች እንዳሉ አትርሺ፣ ያኔ ከሠንጠረዥ ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ከቀድሞው ጋር አወዳድሪያቸው። የእጅ ጭብጥ መለኪያ ካለሽ ለሴቶች ከ16 ኪሎ በታች የጡንቻ መድከም ምልክት ነው፣ አውሮፓውያኑ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2019 ያስቀመጡት ልክ ነው። ሌላው መለኪያ የራሳቸው ቤት ውስጥ አለ፦ ቡና ሲያፈሉ ከበርጩማ ላይ እጃቸውን መሬት ሳያስደግፉ መነሳት ይችላሉ ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው። ሌግ ፕሬሱ ላይ ክብደት ጨምረሽላቸው ያ ካልተቀየረ የወንበሩን ከፍታና እስከ ምን ድረስ ጉልበታቸውን እንደሚያጥፉ እንደገና እዪው፣ ምናልባት ግማሽ መንገድ ብቻ እየገፉ ይሆናል።

የልኬቱን ቀን ስትመርጪ ጾሙን አስቢ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ ከሚውሉ እናት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የምታገኚው ቁጥር ዓርብ ዕለት ሌላ፣ ቅዳሜ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሙስሊም እናቶችም ካሉሽ ረመዳንን አሳልፊ። ሁለቱንም ልኬት በተመሳሳይ ሰዓት፣ በልተው ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ያንኑ ጫማ አድርገው፣ ያው ማሽን ላይ ይሁን። ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ወይም ለቅሶ ቤት ሲቀመጡ ሰንብተው የመጡ እንደሆነም ለሌላ ቀን አዛውሪው። ከመነሻው በኋላ በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ መድገም በቂ ነው።

ትከሻቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን ቼስት ፕሬሱን ለልኬት አትጠቀሚበት፣ የመጎተቻውን ማሽን ውሰጂ፣ እዚያም ያው 4 እስከ 6 ይሠራል። የጉልበት ሕመም ካለባቸው ሌግ ፕሬሱን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፉ አድርገሽ ያንን መዝግቢ። ከዚህ በፊት የተሰበሩበት ወይም የተቀየረ መገጣጠሚያ ያላቸው ካሉ ከነዝርዝሩ ጻፊልኝ፣ ለእነሱ የምሰጥሽ መልስ ከዚህ ይለያል።